ጉሩ ዱት ምን ሠራ? የድሮ የህንድ ፊልም ወዳጆች ግቡ

ጥቁርና_ነጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ህንድ ፊልም ሲወራ ራጅ ካፑር ይነሳል፣ አሚታብ ይነሳል፣ ሻሩክ ይነሳል። ጉሩ ዱትን የሚያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሚያነሳውም ከመጨረሻው ይጀምራል፦ ፊልሙ ከሰረ፣ ትዳሩ ተናጋ፣ በ39 ዓመቱ ሞተ። በቃ። እኔን ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ሰውየው ከ1951 እስከ 1959 ስምንት ፊልሞችን ዳይሬክት አድርጓል። በአብዛኞቹ ላይ ራሱ ተውኗል፣ ለሌሎች ዳይሬክተሮችም ፕሮዲዩሰር ሆኗል። ስለ አሟሟቱ የምናወራውን ያህል ስለ አሠራሩ ብናወራ ምናለ? ክሩን የከፈትኩት ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1925 ባንጋሎር ተወለደ፤ ያደገው ካልካታ ነው። ቤት ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ ኮሌጅ አልገባም። የገባው ዳንስ ትምህርት ቤት ነው። አልሞራ በምትባል የሂማላያ ከተማ ታዋቂው ዳንሰኛ ኡዳይ ሻንካር ማእከል ከፍቶ ነበር፤ እዚያ ተማረ። ከዚያ ካልካታ ተመልሶ ፋብሪካ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆነ። ሥራው አልተስማማውም። በ1944 ፑና ሄዶ ፕራብሃት ፊልም ኩባንያ ተቀጠረ። ዳንስ ያዘጋጃል፣ ረዳት ዳይሬክተር ይሆናል፣ ትንንሽ ቦታ ላይም ይተውናል።

በኋላ ዝነኛ ተዋናይ ከሆነው ከዴቭ አናንድ ጋር የተዋወቀው ፑና ላይ ነው። ልብስ አጣቢው ሸሚዛቸውን አቀያየረባቸው ይባላል፤ ዴቭ አናንድ ራሱ ደጋግሞ ያወራው ታሪክ ነው። ሁለቱም ገና ስም የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። ቃል ተግባቡ። ዴቭ ፕሮዲዩሰር ከሆነ ጉሩ ዱትን ዳይሬክተር ያደርገዋል፤ ጉሩ ዱት ዳይሬክተር ከሆነ ዴቭን ያሠራዋል። ዴቭ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ናቭኬታን የተባለውን ድርጅት አቋቋመና ቃሉን ጠበቀ። «ባዚ» በ1951 ወጣ። ጉሩ ዱት ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

«ባዚ» ውስጥ ቁማር ቤት አለ፣ ወንጀል አለ፣ ጭስ አለ። እኔን የያዘኝ ግን ዘፈኑ ነው። ገጣሚው ሳሂር ሉድያንቪ የጻፈውን ጋዛል (የኡርዱ ግጥም ዓይነት ነው) አቀናባሪው ኤስ ዲ በርማን ጊታር አስገብቶ የናይት ክለብ ዘፈን አደረገው። የዘፈነችው ጊታ ሮይ ናት። ጉሩ ዱትና ጊታ የተዋወቁት በዚሁ ፊልም ሥራ ላይ ነው፤ በ1953 ተጋቡ፣ እሷም ጊታ ዱት ተባለች። ፊልሙ ላይ ዘፈኑን የምትዘፍነው ሴት ዝም ብላ ታዳሚ አታዝናናም። ጀግናውን በራስህ ተማመን፣ ዕድልህን ሞክር እያለች ወደ ቁማሩ እየሳበችው ነው። ዘፈኑን ብታወጡት ታሪኩ ይጎድላል።

የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘፈንን የታሪኩ አካል ማድረግ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የመርካቶ_ልጅ፦

ጥሩ ክር ነው ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የህንድ ፊልም እኮ ሁሉም ዘፈን አለው። እኛ ልጆች ሆነን ሲኒማ ቤት ስንገባ ዘፈን ሲጀመር ቆሎ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ብዙ ነበር። ታሪኩ ስለማያመልጠው ማለት ነው። ታዲያ የጉሩ ዱት በምን ይለያል? ምሳሌ ስጠን።

ጥቁርና_ነጭ፦

@የመርካቶ_ልጅ በጉሩ ዱት ፊልም ላይ ቆሎ ሊገዛ የወጣ ሰው ታሪኩ ያመልጠዋል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

«አር ፓር»ን (1954) እንውሰድ። ራሱ ካሉ የሚባል የታክሲ ሹፌር ሆኖ ይሠራል። ካሉና የጋራዡ ባለቤት ልጅ ጋራዥ ውስጥ፣ በተፈታታ መኪና መሀል ይዘፍናሉ። በዚያ ዘመን ፍቅረኞች የሚዘፍኑት አብዛኛውን ጊዜ አትክልት ቦታ ወይም ሐይቅ ዳር ነው። እሱ ሰዎቹ የሚውሉበት ቦታ ላይ አዘፈናቸው። ደግሞ መግቢያ ሙዚቃውን ይቆርጠዋል። ሰዎቹ እያወሩ ነው ስትል ንግግሩ ራሱ ዜማ ይሆናል። ዘፈን ሊጀመር ነው ብለህ ለመነሳት ጊዜ አታገኝም። አቀናባሪው ኦ ፒ ናየርም ለዚህ የሚመች ፈጣን፣ ቀልጣፋ ሙዚቃ ነው የሠራለት።

ንግግሩም እንደዚያው። ጸሐፊው አብራር አልቪ ይባላል። የጉሩ ዱት ቀኝ እጅ የሆነው ከዚህ ፊልም ጀምሮ ነው። ከእሱ በፊት ባለታክሲውም ባለሱቁም ወንበዴውም አንድ ዓይነት የመድረክ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። አልቪ እያንዳንዱን ሰው ከመጣበት አገርና ከሥራው ጋር በሚሄድ አነጋገር አናገረው።

ከዚያ «ፕያሳ» (1957) አለ። ቪጄይ ግጥሙን የሚያትምለት ያጣ ገጣሚ ነው። ወንድሞቹ ግጥሞቹን እንደ አሮጌ ወረቀት ይሸጡበታል። አንድ ማታ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንዲት የማያውቃት ሴት የእሱን ግጥም ስታንጎራጉር ይሰማል። ከየት አመጣችው? ተነስቶ ይከተላታል። ጉላቦ ትባላለች፣ ሴተኛ አዳሪ ናት፣ ወረቀቶቹን የገዛችው እሷ ናት። እሷ ደንበኛ ያገኘች መስሏት በዘፈን እየጠራችው ትሄዳለች። እሱ የሚከተለው ግጥሙን ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ሐሳብ ይዘው በጨለማ ሲሄዱ ካሜራው አብሯቸው ይሄዳል። በዚህ አንድ ዘፈን ውስጥ ትውውቅ አለ፣ አለመግባባት አለ፣ የፊልሙ ዋና ጥያቄም አለ። ዳንስ የተማረ ሰው መሆኑ የሚታየኝ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። ማንም ሳይጨፍር የሰዎቹና የካሜራው እርምጃ በልክ ይሄዳል።

ካሜራ_ጀርባ፦

ሥራዬ ቀረጻ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጉሩ ዱት ሲባል ቪ ኬ ሙርቲ መባል አለበት። «ባዚ» ሲሠራ ሙርቲ ረዳት ካሜራማን ነበር። ጉሩ ዱት ከመስታወት ላይ በሚንጸባረቅ ምስል የሚጀምር አስቸጋሪ ሾት ፈለገ፤ ሙርቲ እኔ ልሞክረው አለና ሠራው። ከ«ጃል» (1952) ጀምሮ ዋና ካሜራማኑ እሱ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አልተለያዩም ማለት ይቻላል።

«ካጋዝ ኬ ፉል» ውስጥ ያለውን የብርሃን ጨረር ያላየ የቀረጻ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ባዶ፣ ጨለማ ስቱዲዮ ነው። ከላይ አንድ ወፍራም የብርሃን ዓምድ ይወርዳል፣ አቧራው ሲጨፍርበት ይታያል። ወንዱና ሴቷ ተለያይተው ቆመዋል። ያ ብርሃን የመብራት አይደለም። ሙርቲ ትልቅ መስታወት ውጭ አቁሞ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረገ፤ ውስጥ ያለው ሌላ መስታወት ተቀበለውና ወደ ታች መለሰው። ፀሐይ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። ሰዓቱ ካለፈ ሾቱ አለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጊታ ዱት ድምፅ ሲገባ ሁለቱ ሰዎች ከንፈራቸውን አያንቀሳቅሱም። ዘፈኑ ከውስጣቸው የሚሰማ ይመስላል።

ሌላው ክሎዝ አፑ ነው። ጉሩ ዱት ረጅም ሌንስ ይወድ ነበር። ፊት ላይ ሲቀርብ ጀርባው ይደበዝዛል፣ ዓይን ብቻ ይቀራል። ንግግር አያበዛም፤ ፊት ላይ ይቆያል። ዛሬ ሁሉም ያደርገዋል። ያኔ በህንድ ፊልም እንደዚያ ደፍሮ የሚቆይ ብዙ አልነበረም።

ሙርቲ ለ«ካጋዝ ኬ ፉል»ም ለ«ሳሂብ ቢቢ ኦር ጉላም»ም ፊልምፌር የተባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት በምርጥ ቀረጻ ወስዷል። በኋላ የ2008ን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት ሰጡት፤ በህንድ ፊልም ትልቁ ሽልማት ነው። ከካሜራማኖች የመጀመሪያው እሱ ነው። ደስ ይላል፣ በሕይወት እያለ ነው ያገኘው።

ቡናዬ፦

ሰላም። ሁላችሁም ስታመሰግኑ እኔ ደስ የማይለኝን ልናገር። «ሚስተር ኤንድ ሚስስ 55»ን አይታችሁታል? በ1955 የወጣ ነው። በዚያው ዓመት በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ጸድቆ ሴቶች የመፋታት መብት አገኙ። ፊልሙ በዚህ ላይ ያሾፋል። ለፍቺ መብት የምትታገለዋ አክስት ወንድ ጠል፣ ክፉ ተደርጋ ተሥላለች። በተቃራኒው ባሏ ቢመታትም ችላ የምትኖረዋ ሴት ናት እንደ ጥሩ ምሳሌ የምትቀርበው። ዋናዋ ተዋናይት ማዱባላ ቆንጆ ናት፣ ዘፈኖቹ ይገባሉ፣ ሳቅ አለው። ግን እኔ ያቺን ሴት ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ስትመክር ሳይ ደሜ ይፈላል። ስለ ሥራው እናውራ ካላችሁ ይሄም ሥራው ነው።

ጥቁርና_ነጭ፦

@ቡናዬ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ያ ፊልም በዚህ በኩል አይከላከሉለትም። ጉሩ ዱት እዚያ ላይ ሥራ አጥ የጋዜጣ ካርቱን ሣይ ሆኖ ይጫወታል። ካርቱኑን ሲሥል የሚታየው እጅ የእውነተኛው የካርቱን ሰው የአር ኬ ላክስማን ነው። አገሩ ላይ በሚፈጸመው ነገር መሀል ለመግባት ፈልጎ ነበር ማለት ነው፤ የገባው ግን ከሴቶቹ በተቃራኒ ወገን ነው።

ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ጉላቦን ያመጣልን ይኸው ሰው ነው። «ፕያሳ» ላይ ተማሪ ቤት የወደዳት ሴት ሀብት ብላ አሳታሚውን አገባች፣ ወንድሞቹ ሸጡት፣ ጓደኛው ከዳው። ግጥሙ ዋጋ እንዳለው ቀድማ የተረዳችው ጉላቦ ናት። ጉላቦን የተጫወተችው ዋሂዳ ራህማን ያኔ ገና ጀማሪ ነበረች። እሱ ራሱ ነው ከደቡብ አምጥቶ በ1956 «ሲ አይ ዲ» ላይ ለሂንዲ ተመልካች ያስተዋወቃት።

ቡናዬ፦

ጉላቦን እወዳታለሁ፣ እሱን አልክድም። የበለጠ የምወዳት ግን የ«ሳሂብ ቢቢ ኦር ጉላም»ን ትንሿን እመቤት ነው። የተጫወተቻት ሚና ኩማሪ ናት። ባሏ ባላባት ነው፣ ሌሊቱን ዘፋኝ ሴቶች ቤት ነው የሚያሳልፈው። ቤት እንዲያድርላት ብላ እሷም መጠጥ ትጀምራለች። ለእሱ ብላ ጀምራ መጠጡ ራሷን ይዟት ቀረ። አልጋ ላይ ሆና እንዳይሄድባት የምትለምንበት ዘፈን አለ፤ ድምፁ የጊታ ዱት ነው። እኔ ከዚያ በላይ የሚያም ትወና አላየሁም። በዚያ ዓመት ለፊልምፌር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የታጩት ሦስቱም ሚናዎች የሚና ኩማሪ ነበሩ። ያሸነፈችው በዚህኛው ነው።

ዱባይ_ነኝ፦

ሥራ ቦታ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ የላክናው ሰው። ጉሩ ዱት ብዬ ሳነሳባቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ቻውድቪን ካ ቻንድ» ነው። ታሪኩ ከተማቸው ላክናው ላይ ስለሆነ ኩራት አላቸው። መሐመድ ራፊ የዘፈነውን የፊልሙን መጠሪያ ዘፈን ሙሉውን በቃላቸው ያውቁታል። ዳይሬክተሩ ግን ኤም ሳዲቅ ነው። ጉሩ ዱት ፕሮዲዩስ አድርጎ ተውኗል። በ1960 ነው የወጣው፣ ሰው ጎርፎለታል።

የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው። ከ«ካጋዝ ኬ ፉል» በኋላ ዳይሬክተር ብሎ ስሙን አላወጣም ይባላል። እውነት ነው? ለምን?

ጥቁርና_ነጭ፦

@ዱባይ_ነኝ እውነት ነው። «ካጋዝ ኬ ፉል» በ1959 ወጣ፤ የህንድ የመጀመሪያው ሲኒማስኮፕ (ለሰፊ ስክሪን የሚቀረጽ) ፊልም ነው። ብዙ ገንዘብ ፈሶበታል። ሰው ግን አልመጣለትም። ከዚያ በኋላ «ዳይሬክተር ጉሩ ዱት» የሚል ጽሑፍ በአንድም ፊልም ላይ አልወጣም። ስቱዲዮው ግን አልተዘጋም፤ በዓመቱ «ቻውድቪን ካ ቻንድ» ድርጅቱን መልሶ አቆመው። ከውድቀቱ በኋላ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰው ይህን ይረሳዋል።

በ1962 «ሳሂብ ቢቢ ኦር ጉላም» መጣ። ከቤንጋሊው ደራሲ ቢማል ሚትራ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው አብራር አልቪ ነው፤ የፊልምፌርን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት የወሰደውም እሱ ነው። ህንድ ለኦስካር የላከችው ፊልም ነበር፤ በ1963 በርሊን ፌስቲቫል ላይም ተወዳድሯል።

ተከራካሪ፦

እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ፊልሙን ያዩ ሁሉ «ይሄ የጉሩ ዱት እጅ ነው» ይላሉ። ብርሃኑ፣ የዘፈኑ አቀራረጽ፣ የሚና ኩማሪ የመጀመሪያ አመጣጥ፣ ሁሉም። አልቪ ስሙን ነው ያዋሰው የሚሉ አሉ። አንተ እንዴት ዝም ብለህ ታልፈዋለህ?

ሌላም ልጨምር። «ካጋዝ ኬ ፉል» ከመጠን በላይ የተወደሰ ይመስለኛል። ስለ አንድ ዳይሬክተር ነው። ሚስቱ ጥላው ሄደች፣ ፊልሙ ከሰረ፣ ጠጪ ሆነ፣ በመጨረሻም ስቱዲዮ ውስጥ ዳይሬክተር ወንበር ላይ ሞተ። ሁለት ሰዓት ከግማሽ ያህል ስለ ራሱ ማዘን። «ፕያሳ» ላይ ቢያንስ ቁጣ አለ። ቪጄይ ሞቷል ተብሎ በስሙ ትልቅ መታሰቢያ ሲዘጋጅለት አዳራሹ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ሲቆም ይህችን ዓለም ባገኛትስ ምን ይረባኛል ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል። በ«ካጋዝ» ላይ የሚጣላው ሰው እንኳ የለም።

ጥቁርና_ነጭ፦

@ተከራካሪ ስለ አልቪ ልመልስ። አልቪ እስኪሞት ድረስ ፊልሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብሏል። ዘፈኖቹን የቀረጸው ጉሩ ዱት እንደሆነ ግን በሰፊው ይነገራል፤ ስታየውም ያስታውቃል። አብረው ለዓመታት የሠሩ ሰዎች እጃቸው መመሳሰሉ የሚገርም አይደለም። ለአንዱ ክብር ለመስጠት የሌላውን ሙያ መንጠቅ የለብንም። ጉሩ ዱት ሰው የማግኘት ተሰጥኦ ነበረው። ኮሜዲያኑ ጆኒ ዎከር የቦምቤይ አውቶብስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ተዋናዩ ባልራጅ ሳህኒ ቢሮ ድረስ አምጥቶ ሰክረህ ታይ አለው፤ ጉሩ ዱት እውነት ሰክሯል ብሎ ሊያስወጣው ነበር። ቀልድ መሆኑን ሲያውቅ «ባዚ» ላይ አስገባው፣ በውስኪውም ስም ሰየመው። ራጅ ኮስላ ረዳቱ ነበር፤ «ሲ አይ ዲ»ን ዳይሬክት ያደረገው እሱ ነው። ስለ ሙርቲ @ካሜራ_ጀርባ ነግሮናል። ይሄ ሁሉ ሰው እሱ ጋ ነው የበሰለው።

ስለ «ካጋዝ» ደግሞ፣ ስለ ራሱ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በል። ጉሩ ዱት ከመታወቁ በፊት ጊያን ሙከርጂ የሚባል ዳይሬክተር ረዳት ነበር። ሙከርጂ ትልልቅ ፊልሞች ሠርቶ ኋላ ላይ የተረሳ ሰው ነው፣ በ1956 ሞተ። «ፕያሳ» ለእሱ መታሰቢያ የተበረከተ ነው፤ «ካጋዝ»ም ከእሱ ሕይወት ብዙ ወስዷል ይባላል። ስለዚህ ያ የተጣለው ዳይሬክተር መምህሩም ነው። ቁጣ የለም ባልከውም አልስማማም። ስቱዲዮው ሰው ሲያነሳና ሲጥል ያለ ርኅራኄ ነው የሚታየው። ጉሩ ዱት ራሱ ሲሞት ፊልሙ «ትንቢት ነበር» ተባለ። እኔ ይሄን ቃል አልወደውም። በ1964 ጥቅምት ቦምቤይ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ወስዶ ነበር። ሆን ብሎ ይሁን በድንገት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልጆች ነበሩት፣ ቤተሰብ ነበረው። ሞቱን የፊልሙ ማብቂያ አድርገን ስናወራው ሁለቱንም እንበድላለን። ሲሞት የጀመራቸው ሥራዎች ነበሩት። «ባሃሬን ፊር ቢ አዬንጊ» በተባለው ፊልም ላይ በተዋናዩ ዳርሜንድራ ተክተውት በ1966 ወጣ። ሊቀጥል ያሰበ ሰው ነበር።

ተከራካሪ፦

የሙከርጂን ነገር በዚያ መልኩ አላየሁትም ነበር። ፊልሙን እደግመዋለሁ። «ፕያሳ» ይበልጣል የሚለው አቋሜ ግን እንዳለ ነው።

የመርካቶ_ልጅ፦

እኔም ከ«ፕያሳ» ጋር ነኝ። ታይም መጽሔት በ2005 የምንጊዜም 100 ምርጥ ፊልሞች ብሎ ሲመርጥ አስገብቶታል። መጀመሪያ ተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር ዋናውን ቦታ እንዲሠራው ነበር የታሰበው፤ ቀረጻ ሲጀመር ስላልመጣ ጉሩ ዱት ራሱ ገባበት። እንኳንም ገባበት። ታሪኩን ጉሩ ዱት የጻፈው በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ሥራ ፈትቶ ቤት በተቀመጠበት ጊዜ ነው። አሥር ዓመት ያህል ይዞት ኖሯል።

አዲስ_ተመልካች፦

ይቅርታ፣ እኔ አንዱንም አላየሁም። ቤት ውስጥ እናቴ ዚ ዓለም ላይ በአማርኛ የሚተላለፉትን የህንድ ድራማዎች ነው የምታየው፣ ዘፈን በጣም ትወዳለች። ከእሷ ጋር ልጀምር ብል የቱ ይሻላል? ሐዘን የሚበዛበት ባይሆን።

ጥቁርና_ነጭ፦

@አዲስ_ተመልካች ከእናትሽ ጋር ከሆነ በ«አር ፓር» ጀምሩ። ታክሲ አለ፣ ወንበዴ አለ፣ ፍቅር አለ፣ ጆኒ ዎከር አለ። ዘፈኖቹ ፈጣን ናቸው፤ ቋንቋውን ሳትሰሙትም ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ይገባችኋል። ከወደደችው ወደ «ቻውድቪን ካ ቻንድ» ሂዱ፤ አለባበሱና ቤቱ ደስ ይላታል። ቀጥሎ «ፕያሳ»። እሱ ከባድ ነው፣ ግን ጆኒ ዎከር ዘይት ይዞ ራስ ላሻችሁ እያለ መንገድ ላይ የሚዘፍንበት ቦታ አለ፣ ትስቃለች።

በዩቲዩብ የሚገኙት አንዳንዶቹ ደብዝዘዋል። በ2025 የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ፊልሞቹ ታድሰው ህንድ ውስጥ ሲኒማ ቤት ታይተዋል፤ የታደሰውን ቅጂ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። «ካጋዝ ኬ ፉል»ን ስታዪ ደግሞ ስልክ ላይ አትዪው። ለሰፊ ስክሪን ነው የተሠራው፤ ሰዎቹ በሁለቱ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆሙት፣ በትንሽ ስክሪን ፊታቸው አይታይም። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ፣ መብራት አጥፍታችሁ።